ባኽ በፒያኖ፣ ባኽ በሐርፕሲኮርድ

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ዛሬ «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» እየተባለ የሚጠራውን ድርሰቱን በ1741 ሲያሳትም (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለየትኛው መሣሪያ እንደጻፈው በሽፋኑ ላይ በግልጽ አስፍሯል፤ ሁለት ረድፍ ቁልፎች ላሉት ሐርፕሲኮርድ። የሚያሻማ ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ይህን ሥራ ለብዙ ሰው ያስተዋወቀው ፒያኖ ነው። ካናዳዊው ግሌን ጉልድ በ1955፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኒውዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጸው። ሸክላው በቀጣዩ ዓመት ሲወጣ ከባለሙያዎች ክበብ አልፎ ክላሲካል ሙዚቃ እምብዛም ወደማይሰማባቸው ቤቶች ገባ። ባኽ ግን ጉልድ የተጫወተበትን ዓይነት ፒያኖ በዓይኑ አላየም፤ እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ መሣሪያው ገና በመሻሻል ላይ ነበር። ታዲያ ጉልድ ያሰማን የባኽን ሙዚቃ ነው ወይስ የራሱን?

የወደደ በወደደው ይስማ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሙዚቀኞቹ ግን እንዲያ ብለው አላለፉትም፤ ባለማለፋቸውም ትክክል ነበሩ። ኖታ ብቻውን አይሰማም። አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ዓይነት አነካክ ሊያሰማው ግድ ነው። ባኽ ደግሞ ከኖታው ጋር የተወልን መመሪያ እጅግ ጥቂት ነው። በአብዛኛው ገጽ ላይ ፍጥነቱ አልተጻፈም፤ የት ይጉላ፣ የት ይለስልስ አልተባለም። በዜማ ቤት ደጅ ያለፈ አንባቢ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ በድጓው ቃላት ላይ የተደረደሩት ምልክቶች መምህሩ በቃሉ ካላሰማቸው በቀር ዝም ያሉ ናቸው። በባኽ ሙዚቃ የተቋረጠው ይኸው የመምህሩ ቃል ነው። ባኽ በ1750 ሞተ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሐርፕሲኮርድ ከቤትም ከመድረክም ጠፋ፤ የመሣሪያው አጨዋወትም አብሮት ተረሳ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ፣ ፒያኖ ተጫዋቹም ሆነ የጥንቱን አጨዋወት እመልሳለሁ ባዩ፣ ያንን ክፍተት በራሱ ግምት የሚሞላ ነው።

የሐርፕሲኮርድ ወገን ጠንካራው መከራከሪያ የመሣሪያው አሠራር ራሱ ነው። በሐርፕሲኮርድ ቁልፉ ሲነካ ከወፍ ላባ የተሠራች ትንሽ ጫፍ ክሩን ስባ ትለቃለች። ጣት ቢበረታም ቢለሰልስም ድምፁ ያው ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ከሌላው ለማድመቅ ያለው ዋና መላ ጊዜ ነው፤ ድምፁን ጥቂት ማዘግየት፣ ቀጣዩን ከፊተኛው መነጠል ወይም ማያያዝ፣ ጌጥ መጨመር። የባኽ ጌጦች፣ የሚንቀጠቀጡትና የሚጠማዘዙት ትናንሽ ኖታዎች፣ ለማሳመሪያ ብቻ የገቡ አይደሉም፤ ቶሎ የሚሞተውን ድምፅ ያቆያሉ፣ አጽንዖትም ይሰጣሉ። በፒያኖ ግን መዶሻው ክሩን የሚመታው ጣት በሰጠው ኃይል ልክ ነው። ተጫዋቹ አንዱን መስመር አጉልቶ ሌላውን ከኋላ ማስቀረት ይችላል። ለፒያኖ ወዳጆች ይህ ጸጋ ነው፤ አራት ድምፆች በሚሻሙበት ፉግ ውስጥ ዋናውን ሐሳብ አውጥተው ያሳዩናል። ለሌላው ወገን ይኸው ጸጋ ጥፋት ነው። ባኽ አራቱንም ድምፆች እኩል አድርጎ ጽፏቸዋል፤ ፒያኒስቱ አንዱን ባጎላ ቁጥር አድማጩ ራሱ ፈልጎ ማግኘት የነበረበትን ነገር በጣቱ ጠቁሞ ይነግረዋል።

የእጆቹም ጉዳይ አለ። ከጎልድበርግ ሠላሳ ቫሪዬሽኖች (የአንድ መነሻ ሐሳብ ልዩ ልዩ መልኮች) መካከል ባኽ 11ዱን ለሁለት ረድፍ ቁልፎች ብሎ ምልክት አድርጎባቸዋል። በእነዚህ ውስጥ ቀኝና ግራ እጅ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፣ ይሻገራሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያልፋል። በሐርፕሲኮርዱ አንዱ እጅ ላይኛው ረድፍ፣ ሌላው ታችኛው ረድፍ ላይ ስለሆነ ሁለቱም ሳይነካኩ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ረድፍም የየራሱ የድምፅ ቀለም ስላለው ጆሮ ሁለቱን መስመሮች ለይቶ ይሰማቸዋል። አንድ ረድፍ ብቻ ባለው ፒያኖ እጆቹ ይጋጫሉ። ፒያኒስቱ አንዱን እጅ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴም ኖታዎቹን ከእጅ ወደ እጅ እያዘዋወረ ይወጣዋል። መወጣቱ ያስደንቃል። የተጻፈው ግን ለዚያ አልነበረም።

ፒያኖን የሚደግፉት የሚያነሡት ታሪክ እውነተኛ ነው። ፒያኖን በ1700 ገደማ ፍሎረንስ ውስጥ የሠራው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው፤ በጀርመን አገር መሥራት የጀመረው ደግሞ ጎትፍሪድ ዚልበርማን። የባኽ ተማሪ የነበረው አግሪኮላ እንደጻፈው፣ ባኽ ከዚልበርማን የመጀመሪያ ፒያኖዎች አንዱን ሞክሮ ድምፁን አመሰገነ፤ ነገር ግን ላይኞቹ ድምፆች ደካማ፣ ቁልፎቹም ከባድ ናቸው አለ። ዚልበርማን ቅር ቢሰኝም ዓመታት ወስዶ አሻሻለው፤ በኋላ ባኽ ወደደው። በ1747 ባኽ ፖትስዳም ሄዶ በፕሩስያው ንጉሥ በዳግማዊ ፍሬድሪክ ፊት የተጫወተው በዚልበርማን ፒያኖዎች ነው። በ1749 አንድ ፒያኖ ለአንድ ፖላንዳዊ ባላባት ሲሸጥ ባኽ የፈረመበት ደረሰኝም አለ። እንግዲህ መሣሪያውን ያውቀዋል፤ ሽያጩ ላይ እስከ መፈረምም ደርሷል።

ከዚህ ተነሥቶ «ባኽ የዛሬውን ፒያኖ ቢያገኝ ኖሮ ሐርፕሲኮርዱን ይጥለው ነበር» ማለት ግን ከማስረጃው በላይ መዝለል ነው። የዚልበርማን ፒያኖ ክሮቹ ቀጫጭን፣ ገላው እንጨት፣ ድምፁ ለሐርፕሲኮርድ የቀረበ ነበር። ዛሬ በኮንሰርት አዳራሽ የሚቆመው ፒያኖ በብረት ማዕቀፍ ላይ በብዙ ቶን የሚቆጠር የክር ውጥረት የተሸከመ ሌላ ፍጡር ነው፤ ታችኛው ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ባኽ ለግራ እጅ የጻፋቸው ጥብቅ መስመሮች በቀላሉ ይደፈርሱበታል። የሞተ ሰው ምን ይመርጥ እንደነበር መናገር ለሁለቱም ወገን ይቀላል፤ ሊያስተባብል አይችልምና።

የጥንቱን አጨዋወት የሚፈልገው ወገንም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ሐርፕሲኮርድን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መድረክ የመለሰችው ዋርሶ የተወለደችው ቫንዳ ላንዶውስካ ናት። ጎልድበርግን በሐርፕሲኮርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1933 የቀረጸችውም እሷ ናት። ነገር ግን የተጫወተችበት መሣሪያ የፓሪሱ ፕሌየል ኩባንያ የሠራላት፣ የብረት ማዕቀፍና ፔዳሎች ያሉት፣ ከፒያኖ ፋብሪካ የወጣ ሐርፕሲኮርድ ነበር። በባኽ ዘመን እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም። የዛሬዎቹ ሐርፕሲኮርድ ተጫዋቾች የ17ኛውንና የ18ኛውን ክፍለ ዘመን መሣሪያዎች እየለኩ በተሠሩ ቅጂዎች ስለሚጫወቱ የላንዶውስካን ድምፅ ከባኽ ይልቅ ለእሷ ዘመን የቀረበ አድርገው ይሰሙታል። የእኛን ዘመን ቅጂዎችስ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ይሏቸው ይሆን? ይህን የምለው ላንዶውስካን ለማሳነስ አይደለም። ያለ እሷ ድፍረት ሌሎቹ የሚጀምሩበት ቦታ አይኖራቸውም ነበር።

ክርክሩ ከኪቦርድ ወጥቶ ወደ መዘምራንና ኦርኬስትራ ሲገባ ሚዛኑ ይለወጣል። ባኽ በላይፕሲግ ከተማ ከ1723 ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ኃላፊ ነበር። «የማቴዎስ ሕማማት» የተባለው ታላቁ ሥራው በ1727 በስቅለት ዕለት እዚያ ተዘመረ። ከደራሲው ሞት በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀብሮ ከቆየ በኋላ በ1829 በርሊን ውስጥ ያስነሣው የ20 ዓመቱ የሙዚቃ ደራሲ ፌሊክስ ሜንደልሰን ነው። ሜንደልሰን ከመቶ በላይ ዘማሪዎች አሰለፈ፤ ብዙ ክፍሎችን ቆረጠ፤ ጊዜው ያለፈባቸውን መሣሪያዎች በዘመኑ መሣሪያዎች ተካ። በዛሬው መለኪያ የተሳሳተ አቀራረብ ነው። ያ የተሳሳተ አቀራረብ ግን ሰዎችን ወደ ባኽ መለሳቸው፤ በ1850 የባኽን ሥራዎች ሁሉ ለማሳተም ማኅበር ተቋቋመ፤ ሃምሳ ዓመት ፈጅቶ ጨረሰው። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ሜንደልሰንን የተቹት እሱ በቀሰቀሰው ፍቅር በታተሙ መጻሕፍት ላይ ቆመው ነው።

የሜንደልሰንን ተቃራኒ መንገድ የያዙም አሉ። የቬየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቼሎ ተጫዋች የነበረው ኒኮላውስ ሃርኖንኩር በ1953 የጥንት መሣሪያዎችን የሚጫወት ቡድን አቋቋመ። ከኔዘርላንዳዊው ሐርፕሲኮርድ ተጫዋች ከጉስታቭ ሌዮንሃርት ጋር ተጋርቶ ሁለት መቶ ያህሉን የባኽ የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎች (በዘማሪና በመሣሪያ የሚቀርቡ መንፈሳዊ ሥራዎች) ከ1971 ጀምሮ ወደ ሃያ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ቀረጸ። የቫዮሊኖቹ ክር ከበግ አንጀት የተፈተለ፣ ደጋናቸው አጭርና ቀላል፣ ዋሽንቶቹ እንጨት፣ ላይኛውን ድምፅ የሚዘምሩት በአብዛኛው ወንድ ልጆች። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ሲወጡ ብዙ አድማጭ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቅኝቱ ይንሸራተታል ብሎ አማረረ፤ እውነትም አንዳንድ ቦታ ይንሸራተታል። ግን እዚያ ሻካራነት ውስጥ ቀድሞ ያልተሰማ ነገር ነበር። የአንጀት ክር ድምፅ ሲጀምር እንደ ፊደል ተነባቢ ጥርት ብሎ ይጀምራል፣ ወዲያው ይሳሳል። የባኽ መስመር ረጅም ዘፈን ከመሆን ይልቅ የሚናገር ሰው ይመስላል፤ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ትንፋሽ ይወስዳል። ስብከት በሚሰበክበት ቦታ ለተጻፈ ሙዚቃ ይህ ተራ ጥቅም አይደለም።

እስከየት ድረስ ይኬዳል የሚለው ግን በዚሁ ወገን ውስጥም ያጣላል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ጆሹዋ ሪፍኪን በ1981 የባኽ መዘምራን በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ ብሎ ተከራከረ፤ ማስረጃው ከባኽ እጅ የቀሩት የዘማሪ ወረቀቶች ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ አንድ መሆናቸው ነው። ተቃዋሚዎቹ ባኽ በ1730 ለላይፕሲግ ከተማ ምክር ቤት ያስገባውን ማመልከቻ አነሡ። እዚያ ላይ ለአንድ መዘምራን ቡድን ቢያንስ 12፣ ቢቻል 16 ዘማሪ ያስፈልጋል ይላል። ሪፍኪን ደግሞ ይህ የስም ዝርዝር እንጂ በአንድ ጊዜ ቆመው የሚዘምሩት ቁጥር አይደለም ብሎ መለሰ። እኔን የሚይዘኝ ግን በዚያው ማመልከቻ ላይ ያለ ሌላ ነገር ነው። ባኽ ከትምህርት ቤቱ ልጆች 17ቱ ለሙዚቃ ይረባሉ፣ 20ው ገና አልደረሱም፣ 17ቱ ፈጽሞ አይረቡም ብሎ ምሬቱን ጽፏል። ያለውን የሰው ኃይል በቂ ነው ብሎ አያውቅም። እንግዲህ በዚያ ዓመት በዚያች ቤተ ክርስቲያን የተሰማውን ድምፅ ብንደግመው የምንደግመው ባኽ ያማረረበትን ነው። የጊዜውን ሁኔታ መመለስና የደራሲውን ፍላጎት ማክበር አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሊመለስ የማይችልም አለ። በዚያ ዘመን የወንድ ልጆች ድምፅ የሚጎረምሰው ከዛሬው ዘግይቶ ነበር፤ ባኽ ለአስቸጋሪዎቹ የሶፕራኖ ክፍሎች ዓመታት የሠለጠነ ጎረምሳ ማግኘት ይችል ነበር። ዛሬ ልጁ ሙዚቃው ገብቶት ሳያበቃ ድምፁ ይሄዳል። ብዙ የጥንት መሣሪያ ቡድኖች በሴት ዘማሪዎች የሚጠቀሙት በዚህም ምክንያት ነው፤ በላይፕሲግ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ባይዘምሩም።

የሁለቱን አቀራረቦች ልዩነት በሁለት ቀረጻዎች መስማት ይቻላል። የኦርኬስትራ መሪው ኦቶ ክሌምፐረር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ «የማቴዎስ ሕማማትን» በትልቅ ኦርኬስትራና በትልቅ መዘምራን ቀርጿል። የመክፈቻው መዝሙር ከ11 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ጆን ኤልየት ጋርዲነር በጥንት መሣሪያዎች በ1988 የቀረጸው ግን 7 ደቂቃ አካባቢ ነው። የጋርዲነር ቀረጻ ሙዚቃው የቆመበትን የዳንስ ምት ይመልሳል፤ ሁለቱ መዘምራን እየተጠያየቁ ሲሄዱ ቃሉ ይሰማል፣ ከላያቸው የሚገባው የልጆቹ ዜማ አይዋጥም። በመረጃም በጆሮም ወደ ባኽ የቀረበው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የክሌምፐረርን ግን አልጥልም። እዚያ ያለው ክብደት፣ ከሥር የሚደጋገመው አንድ ድምፅ በእያንዳንዱ ምት መሬት የሚረግጥበት መንገድ፣ ሬሳ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሕዝብን ሐዘን ያመጣል። ይህን ሐዘን ባኽ አላሰበውም ብሎ የሚምል ሰው ምን ይዞ እንደሚምል አይገባኝም። የሚያሳዝነው፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ትልልቆቹ ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች ተሳስተናል በሚል ፍርሃት ባኽን እየተዉት መምጣታቸው ነው። አንድ ወገን ማሸነፉ ሳይሆን ሌላው ከሜዳ መውጣቱ አድማጩን ጎድቶታል።

በዚህ ክርክር ከተጻፈው ሁሉ የከበደው ትችት የአሜሪካዊው የሙዚቃ ታሪክ ምሁር የሪቻርድ ታሩስኪን ነው። ፈጣኑ፣ ቀላሉ፣ ስሜት ከማፍሰስ የሚቆጠበው «የጥንት» አጨዋወት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሳይሆን የሙዚቃ ደራሲው የስትራቪንስኪና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ጣዕም ነው፤ ሙዚቀኞቹ ከታሪክ መዛግብት የሚመርጡት ለዚያ ጣዕም የሚስማማውን ነው አለ። ታሩስኪን ይህን ሲል አጨዋወቱ መጥፎ ነው ማለቱ አልነበረም፤ ሕያውና የዘመኑ ነው፣ ጥፋቱ በታሪክ ስም ሥልጣን መጠየቁ ነው ማለቱ ነው። ትችቱ ፒያኖንም አይምርም። ጉልድ ፔዳሉን ሸሽቶ ነጠል ነጠል እያደረገ፣ ድምፁን አድርቆ የተጫወተው የሐርፕሲኮርድን ጥራት በፒያኖ እየፈለገ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከሚያስቡት በላይ ሲዋዋሱ ኖረዋል። ፒያኖ ተጫዋቿ ሮዛሊን ቱሬክ ጉልድ ከመነሣቱ በፊት ባኽን በፒያኖ በማስከበር የታወቀች ሆና፣ ጎልድበርግን በኋላ በሐርፕሲኮርድም ቀርጻዋለች።

ስለዚህ ፍርዱ ለባኽ በጠቅላላ ሳይሆን ለየሥራው መሰጠት አለበት ባይ ነኝ። ለሕማማቱና ለካንታታዎቹ የጥንት መሣሪያ ቡድኖች ያመጡት ዕውቀት ወደ ኋላ የሚመለስ አይደለም፤ ትልቅ ኦርኬስትራም ቢሆን ባኽን ሊጫወት ሲነሣ ያንን ተምሮ ይነሣ። «የፉግ ጥበብ» በሚባለው የመጨረሻ ዘመን ሥራው ግን በ1751 ሲታተም በሽፋኑ ላይ የትኛውም መሣሪያ አልተጠቀሰም፤ እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ መስመር ላይ ተጽፏል። እዚያ ላይ ፒያኖን የሚከለክል ሰው ደራሲው ያልዘጋውን በር ይዘጋል።

የሚያስቸግረው ጎልድበርግ ነው፤ መሣሪያው በሽፋኑ ላይ ተጽፏልና። እዚህም ቢሆን መልሱ ከገጽ ገጽ ይለያያል። 25ኛውን ቫሪዬሽን፣ ያንን ዝግ ያለ፣ ሐዘኑ ስምምነቱን ወደ ሩቅ ቦታ የሚጎትተውን ክፍል፣ ጉልድ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት በ1981 እንደገና በቀረጸው ላይ ስሙት። የቀኝ እጁ ዜማ በፒያኖ እየሳሳና እየበረታ የሚሄደው በሐርፕሲኮርድ ሊገኝ በማይችል መንገድ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ የሽፋኑን ትእዛዝ መጣስ ያዋጣል። ወዲያው ቀጥሎ ያለውን 26ኛውን ደግሞ በሌዮንሃርት እጅ ስሙት። ፈጣኑ መስመር ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲወረወር ሁለቱ ረድፎች ሁለት የድምፅ ቀለም ይሰጡታል፣ ምንም አይደፈርስም። በዚህኛው ላይ ፒያኖው፣ የቱን ያህል ፈጣን እጅ ቢኖረው፣ ወደ ኋላ ይቀራል።